«ቀጣዩ ማን ይሆን?» ተደጋጋሚ የሠራተኛ ቅነሳ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ደመወዝተኛ ሁሉ ቀን ይቆጥራል። በጎንደር ከተማ በሆቴልና ከቱሪዝም ጋር በተያያዙ ሥራዎች የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች ግን ባለፉት ዓመታት የወር መጨረሻን የሚጠብቁት በሌላ ምክንያትም ነበር። ደመወዙ ከመግባቱ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ እንደሆነ ለማየት።

ለዛሬው ጉዳያችን አንድ አስተናጋጅ በምሳሌነት እንውሰድ። ስምም ሆነ የመሥሪያ ቤት አድራሻ አንሰጠውም፤ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የብዙዎችን ሕይወት ለማሳየት ያቀረብነው ምሳሌ ነውና። ይህ ሰው በአንድ ሆቴል ሰባት ዓመት ሠርቷል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ዳባት ለሚኖሩ እናቱም በየወሩ ትንሽ ይልካል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሆቴሉ «ለጊዜው እረፍት ውጡ» አለ፤ ለጊዜው የተባለው ወራት ፈጀ። ሥራ ተጀመረ ሲባል ጦርነት መጣ፤ ከአሥር የሥራ ባልደረቦቹ አራቱ ተቀነሱ። እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ከተቀነሱት ሁለቱ ተመልሰው ተጠሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እንደገና ወረቀት ተለጠፈ። እሱን በሦስቱም ጊዜ አልነካውም። ሰዎች «አንተስ ዕድለኛ ነህ» ይሉታል።

ዕድለኛ የተባለው ሰው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና ጣራ ጣራውን ሲያይ ያነጋል። ያለ ምክንያት ልቡ ይመታል፤ ጨጓራውን ያቃጥለዋል፤ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ቱግ ይላል። የአስተዳደር ቢሮው በር በተከፈተ ቁጥር ይደነግጣል። ለጨጓራው ሦስት ጊዜ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ዋጠ። በአራተኛው ጤና ጣቢያ ሄደ። የመረመረችው ባለሙያ ስለ አመጋገቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሕመሙ ጠይቃው ስታበቃ «ሥራስ እንዴት ነው?» አለችው። ጥቂት ዝም አለና «ሥራማ አለኝ፤ ያለኝ አይመስለኝም እንጂ» ሲል መለሰ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህች ጥያቄ በሕክምና ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳትጠየቅ ታልፋለች። ስለ ሥራ ዋስትና ማጣትና በመሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሚታይ መጥፎ አስተዳደር ስናወራ የኢኮኖሚ ወይም የሕግ ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ጉዳዩ ግን የጤናም ነው።

ከእንግዳ ጋር የተሳሰረ እንጀራ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጎንደር በድምቀት የምታከብረው የጥምቀት በዓልም እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ሰፍሯል። በዚህ ምክንያት ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ያለው አካባቢ የብዙ ሰው እንጀራ ከእንግዳ መምጣትና መቅረት ጋር የተሳሰረ ነው።

አንድ የጎብኚዎች ቡድን ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚያንቀሳቅስ እናስብ። አስጎብኚ አለ፤ መሣሪያ ይዞ አብሮ የሚጓዝ ስካውት አለ፤ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ሾፌር አለ። ከደባርቅ ገበያ እንቁላልና ዶሮ የምትሸጥ እናት አለች። ጎንደር ላይ ደግሞ የሆቴሉ አልጋ አንጣፊ፣ አስተናጋጅ፣ የእንግዳ ተቀባይ፣ የጥበቃ ሠራተኛና የእጅ ሥራ ሻጭ አሉ። ቡድኑ ሲቀር ይህ ሰንሰለት በሙሉ ይላላል።

ባለፉት ዓመታት ሰንሰለቱ የላላው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ በኋላ ጉዞ ቆመ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ተስፋ ሲያንሰራራ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር እንግዳውን መልሶ አራቀው።

ነገሩ በቱሪዝም ብቻ አያበቃም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዕርዳታው ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችና ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ ውላቸው ተቋርጧል። ሌላውን የሚያክሙ ሰዎች ራሳቸው የዚህ ሥጋት ተጠቂ ሆኑ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአሠሪውም ፍትሐዊ መሆን ይገባል። እንግዳ ያጣ ሆቴል ደመወዝ ከየትም አምጥቶ ሊከፍል አይችልም። ጥያቄው ቅነሳው ለምን ተደረገ የሚለው ብቻ ሳይሆን እንዴት ተደረገ የሚለውም ነው። በሠራተኛው ጤና ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚከብደው ወይም የሚቀለው በዚህ «እንዴት» ላይ ነውና።

ሰውነታችን ሥጋትን እንዴት ይቀበላል?

ሰው አደጋ ሲያይ አንጎሉ ለሰውነቱ ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች በብዛት ይመነጫሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይቀዘቅዛል። ከፊቱ ጅብ ለገጠመው መንገደኛ ይህ ሕይወት አዳኝ ነው። ጅቡ ሲሄድ ሰውነትም ወደነበረበት ይመለሳል።

የሥራ ሥጋት ግን ከጅቡ ይለያል፤ አይመጣም፣ አይሄድምም። በር ላይ ቆሞ ይከርማል። ሰውነት ለደቂቃዎች የተሠራውን ማስጠንቀቂያ ለወራት ሲያስተናግድ እንቅልፍ ይዛባል፣ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ይቆያል፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ በሽታ የመከላከል አቅምም ይዳከማል። ስለዚህ ነው ገና ያልተቀነሰ ሰው ከተቀነሰው ባልተናነሰ የሚታመመው። የተቀነሰው ሰው ቢያንስ የሆነውን ያውቃል፤ ያዝናል፣ ይቆጫል፣ ከዚያም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚጠብቀው ግን ማዘንም መነሳትም ሳይችል በመሐል ይንጠለጠላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ላይ በሥራ ምክንያት የሚመጣ መንፈሳዊና አካላዊ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል። በሽታ ብሎ አልሰየመውም፤ ነገር ግን በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ መሆኑን ገልጾ ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል። አንደኛው አቅም አልቆ መዛል ነው። ሁለተኛው ከሥራው በስሜት መራቅ፣ «እንደፈለገ ይሁን» ማለትና ሁሉን በጥርጣሬ ማየት ነው። ሦስተኛው የሠሩት ሥራ ዋጋ ያለው አለመምሰሉ፣ ውጤታማነትም መቀነሱ ነው። ይኸው ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ይገምታል።

የሥራ ጫናውም የራሱ ጣጣ አለው። ከአሥር ሰው አራቱ ሲቀነስ የአራቱ ሥራ በስድስቱ ላይ ይወድቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመጠቃት ዕድልን በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድልን ደግሞ በ17 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ሥራ ከደመወዝ ሌላ ምን ይሰጣል?

በኦስትሪያ ቪየና አቅራቢያ ማሪየንታል የምትባል አነስተኛ የፋብሪካ መንደር ነበረች። የመንደሩ ነዋሪ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚተዳደርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሄዳ የነዋሪውን ኑሮ አጠናች፤ ውጤቱም በ1933 ታተመ።

ያገኙት ነገር የሚጠብቁትን አልነበረም። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስላለው ብዙ ያነባል፣ ብዙ ይንቀሳቀሳል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። በማሪየንታል ግን ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ በጣም ቀነሰ። ወንዶቹ በመንገድ ላይ የሚራመዱበት ፍጥነት ሳይቀር ዘገየ። ቀኑን በምን እንዳሳለፉ ሲጠየቁ የሚናገሩት አጡ። ሴቶቹ ግን የቤቱ ሥራ ስላልቀረላቸው ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር።

ያሆዳ ከዚህ ተነሥታ ሥራ ከገንዘብ ሌላ አምስት ነገሮችን እንደሚሰጥ አስተማረች። ቀናችንን በሰዓት ይከፋፍልልናል። ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ያገናኛል። ከራሳችን ለሚበልጥ ዓላማ እንድንተባበር ያደርጋል። በሰው ዘንድ መታወቂያና ክብር ይሰጣል። እንድንንቀሳቀስም ያስገድዳል።

ደባርቅ ላይ እንግዳ በጠፋበት ወቅት ከረፋድ እስከ ማታ በአንድ ጥግ ተቀምጦ የሚውለውን አስጎብኚ ወይም በቅሎ ጫኝ ያየ ሰው ይህን ጥናት ለመረዳት አይቸገርም። ስንፍና አይደለም። ለመነሣት ምክንያት የሚሆነው ነገር ስለተወሰደበት ነው። ጥሩነቱ እነዚህ አምስት ነገሮች በከፊልም ቢሆን ከሌላ ቦታ ሊገኙ መቻላቸው ነው፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

«ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው»

የመሥሪያ ቤት ባህል የሚባለው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ መፈክር አይደለም። አለቃ ለበታቹ የሚናገርበት ቃል፣ ወሬ የሚተላለፍበት መንገድ፣ ስሕተት ሲፈጠር የሚወሰደው እርምጃ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች የሚያማርሩባቸው ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ቅነሳ እንዳለ ሠራተኛው ከአለቃው ሳይሆን ከጥበቃው ይሰማል። የስንብት ደብዳቤው ዓርብ ከሰዓት ይሰጥና ጠያቂ እንዳይኖር ቢሮው ይዘጋል። ማን እንደሚቀር ማን እንደሚወጣ መስፈርቱ ስለማይነገር ሁሉም ሰው ዝምድናን ይጠረጥራል። ቅሬታ ያቀረበ «ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ስንት ሰው ተሰልፏል» ይባላል።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀሩትም ሰዎች ደኅና አይሆኑም። ጓደኛቸው ወጥቶ እነሱ በመቅረታቸው የጥፋተኝነት ስሜት ይሰማቸዋል። ቀድሞ ምሳ አብረው ይበሉ የነበሩ ሰዎች መጠራጠር ይጀምራሉ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ለአለቃ ያደርሳል። ታመው እንኳ ከቀሩ ስማቸው ወረቀት ላይ የሚወጣ ስለሚመስላቸው ትኩሳት ይዘው ሥራ ይገባሉ። የዓመት እረፍት መጠየቅ ይፈራሉ። ከውጭ ሲታይ ሥራው እየተሠራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተበልቷል።

ምልክቶቹን እንወቅ

በአገራችን ሰው «ተጨንቄያለሁ» ብሎ ወደ ጤና ተቋም አይመጣም። የሚመጣው «ራሴን ያመኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ወገቤን»፣ «ልቤ ይመታል» ብሎ ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አስመሳይነት አይደለም። የሚከተሉት ምልክቶች ተደጋግመው ከታዩ ልብ ማለት ይገባል። እንቅልፍ አለመምጣት ወይም ሌሊት ነቅቶ መቅረት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም ከልክ መብላት፣ በትንሹ መቆጣት፣ ነገር መርሳትና ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ፣ ጫት ወይም ሲጋራ ከወትሮው መጨመር ናቸው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሁሉን ሕመም «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ለምሳሌ የጨጓራ ሕመም በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ይከሰታል፤ ተመርምሮ በታዘዘ መድኃኒት ይድናል። የደረት ሕመም፣ በተለይ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና ላብ የሚያመጣ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለሌለው መለካት ብቻ ነው መፍትሔው።

ድባቴን ከተራ ኀዘን የምንለይበት መንገድ አለ። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስሜት ከወደቀ ወይም ቀድሞ ያስደስት የነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ካጣ፣ ከዚህም ጋር የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና የአቅም መቀነስ፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ካለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ሊሆን ይችላል።

ራሳችንን እንዴት እንርዳ?

የመጀመሪያው ነገር መናገር ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ብዙ አባወራዎች ሥጋቱን ከትዳር ጓደኛቸው ይደብቃሉ፤ ላለማስጨነቅ ብለው። ቤተሰብ ግን ፊት ያነባል። ምክንያቱን ሳያውቅ ቁጣውን ብቻ ሲያይ ይበልጥ ይጨነቃል። ለልጆችም በዕድሜያቸው ልክ «አባባ የሥራ ሐሳብ ስላለበት ነው፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም» ማለት ብዙ ነገር ያቀልላል።

ሁለተኛው ሥጋቱን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጨለማ የሚታሰብ ችግር ልክ የለውም። ቀን ላይ ከባለቤት ጋር ተቀምጦ የወሩን ወጪ መጻፍ፣ «ደብዳቤው ነገ ቢመጣ ለስንት ሳምንት እንቆያለን? የትኛው ወጪ ይቀነሳል? ማንን እናነጋግራለን?» ብሎ መልስ መስጠት ሥጋቱን ባያጠፋውም ወሰን ያበጅለታል።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት ይጠቅማል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ መጠጣቱ ደስ ይላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ያለውን ስኒ ቢተወው፣ ጨዋታውን ብቻ ቢያስቀረው መልካም ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛ ይመስላል፤ ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፉን ይሰብረዋል፣ በነጋታውም ጭንቀቱን ያብሰዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቶ መውሰድ ደግሞ ወደ ሱስ ሊያመራ ይችላል።

አራተኛው መንቀሳቀስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ለዚህ የሚሆን መንገድ አይታጣም።

አምስተኛው ያሆዳ የጠቀሰቻቸውን አምስት ነገሮች ከሌላ ምንጭ መፈለግ ነው። ሥራ የቆመበት ሰው እንደ ሥራ ቀን ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ከቤት መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። እድርና ማኅበር ከሰው ያገናኛሉ፤ ብዙ ሰው ግን የሚያዋጣው ሲያጣ ከማፈር ብዛት የሚቀርበት የመጀመሪያ ቦታ እነዚሁ ናቸው። የእድር ዳኞች ሥራ ያጣ አባል መዋጮውን የሚያራዝምበት መንገድ ቢያበጁ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰው ያተርፋሉ። በሰሜን ተራሮች የአስጎብኚዎች፣ የምግብ አብሳዮችና የበቅሎ አከራዮች ሥራ በተራ የሚከፋፈልበት ልማድ አለ፤ ይህ ልማድ ጥቂቱን እንግዳ ለሁሉ ከማዳረስ አልፎ ሰው «ተራዬ ይመጣል» ብሎ ቀን እንዲቆጥር ያደርገዋል።

ከሥራ የወጣ ሰው ሕክምናን መተው የለበትም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት «ገንዘብ እስካገኝ» ተብሎ የሚቋረጥ አይደለም። ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ስለሚችል፣ የምዝገባውን ጊዜና ሁኔታ በቀበሌው ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

መብትን ማወቅም ለጤና ነው

ግማሹ ጭንቀት የሚመጣው ካለማወቅ ነው። በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች የሚዳኙት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው።

አዋጁ እንደሚለው የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። ሥራው ላይ የሚቆዩት የተሻለ የሥራ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ናቸው፤ በዚህ እኩል ሲሆኑ እንደ አገልግሎት ዘመንና እንደ ጥገኛ ቤተሰብ ብዛት ያሉ ነገሮች ይታያሉ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

የስንብት ክፍያውን በምሳሌ እንየው። ሰባት ዓመት ያገለገለና በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ማለትም 6 ሺህ ብር ያገኛል። ለቀሩት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ 12 ሺህ ብር ይሆናል። የተሰናበተው በቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 12 ሺህ ብር ይጨመራል። በድምሩ 30 ሺህ ብር ነው። ያልተጠቀመበት የዓመት እረፍት ካለ ክፍያው ለብቻው ይታሰባል። ክፍያውም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

«ለጊዜው እረፍት ውጡ» የሚለው አነጋገርም ሕግ አለው። አሠሪው ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራን ለጊዜው ሲያግድ ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል በጽሑፍ ማሳወቅ ያለበት ሲሆን እገዳው ከ90 ቀናት አይበልጥም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤን፣ የደመወዝ ማረጋገጫንና የስንብት ወረቀትን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ ያልተረዱትን ወረቀት አለመፈረም፣ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት ቶሎ ማመልከት ይገባል።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል

ቅነሳ ግድ ሲሆን ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል፤ አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። የድርጅቱን ሁኔታ ከወሬ ቀድሞ ለሠራተኛው መንገር፣ መስፈርቱን በግልጽ ማስረዳት፣ ደብዳቤውን ከመለጠፍ ይልቅ ሰውየውን አስቀምጦ በአክብሮት ማነጋገር፣ ክፍያውን በዕለቱ ማዘጋጀት፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱን ሳያመላልሱ መስጠት ነው። ከሁሉ በላይ ቅነሳው የሚደረግ ከሆነ በአንድ ጊዜ ተደርጎ «ከእንግዲህ እስከዚህ ወር ድረስ ሌላ የለም» ቢባል የቀሩት ሠራተኞች ይተኛሉ። በየወሩ ሁለት ሁለት ሰው መሸኘት ግን ሁሉንም በየወሩ እንደ መቀነስ ነው። እንግዳ ሲመለስ እንግዳውን በፈገግታ የሚቀበለው ይኸው የተረፈው ሠራተኛ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

ከላይ የጠቀስናቸው ምልክቶች ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ ሥራና የቤት ኑሮን ካወኩ፣ ወይም መጠጥ መተው ካቃተ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል፤ በደጋማው ወረዳዎች ያሉ ሰዎችም በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ተቋም ተልከው መምጣት ይችላሉ። የምክር አገልግሎትም ሆነ መድኃኒት የእብድ ነገር አይደለም፤ በጠበል ወይም በጸሎት የሚጽናና ሰውም ሕክምናውን ሳያቋርጥ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይችላል።

«ብሞት ይሻላል»፣ «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ» የሚል ሰው ካለ ቃሉን እንደ ቀልድ አንለፈው። በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አንተወው፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችልን ነገር ከአጠገቡ እናርቅና በዚያው ቀን አብረነው ወደ ሆስፒታል እንሂድ።

ወደ አስተናጋጁ እንመለስ። ባለሙያዋ የሰገራ ምርመራ አዘዘችለት፤ የደም ግፊቱን ለካች፤ ከፍ ብሎ ስላገኘችው በየሳምንቱ እንዲመጣ ቀጠረችው። ከሁሉ በፊት ግን ያን ቀን ማታ ለባለቤቱ እንዲነግራት አሳሰበችው። ነገራት። እሷም «እኔማ ሌሊት ስትነቃ አብሬህ እነቃ ነበር፤ ትቆጣለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችው። ማስታወቂያ ሰሌዳው አሁንም እዚያው ቦታ ተሰቅሏል፤ ሥጋቱም አልጠፋም። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሥጋቱን የሚሸከሙት ሁለት ሆነዋል።

እርስዎም ዛሬ አጠገብዎ ያለውን ሰው «ሥራስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ ይስሙት።